ሌሊት የማየውን ሕልም ወደ ሥዕል መለወጥ አቃተኝ፤ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ

የሽምብጥ ሠዓሊ (ክሩን የከፈተች)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያህል በጣና ዳር፣ ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎች ከሚነሡበት አካባቢ፣ ለጎብኚ ሥዕል እየሸጥኩ ኖሬያለሁ። ጎብኚው ከቀረ ወዲህ ሱቄን ዘግቼ፣ ሸራዎቼን ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገብቼ፣ ከቤት ሳልወጣ የምውልበት ቀን በዝቷል። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ባጃጅ በጊዜ ከመንገድ ሲጠፋ ቀኑ አጥሮብኝ ሌሊቱ ረዘመብኝ፤ በረዘመው ሌሊት ደግሞ በዕድሜዬ አይቼ የማላውቀውን ያህል ሕልም ማየት ጀመርኩ።

አንዱ ይመላለስብኛል። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ሐይቁ ላይ፣ ቀዛፊ የሌለው የደንገል ታንኳ ቆሟል። ታንኳው ውስጡ ውሃ ሞልቷል። ከመካከሉ ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈው የአባቴ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጋቢው ግን ደረቅ ነው። እጄን ዘርግቼ ልነካው ስል እነቃለሁ። ጠዋት ለእናቴ ስነግራት «ለበጎ ያድርገው» ብላ ታማትብና መፍታት ትጀምራለች፤ ውሃው እንዲህ ነው፣ ጋቢው እንዲያ ነው ስትል ፍቺው ከሕልሙ ይልቅ ከብዶኝ ይውላል።

ሕልሞቼን መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ደብተሩ ላይ 41 ደርሰዋል። ወደ ሸራ ሳመጣቸው ግን ይሞቱብኛል። ታንኳውን ሲሰምጥ ሣልኩት፤ ሰማዩን አጠቆርኩት፤ ጋቢውን ውሃ ላይ በተንኩት። ሥዕሉን የሚያየው ሁሉ «ያሳዝናል» ይላል፤ እኔ ግን ሕልሙ ውስጥ የነበረውን ጸጥታ አጣሁበት። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕልሙን ወደ ሥራ የለወጣችሁ ካላችሁ፣ ሕልሙ ከእጃችሁ ሳያመልጥ እንዴት እንደያዛችሁት፣ ከያዛችሁትስ በኋላ እንዴት እንደሠራችሁበት ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።


የሥነ ልቡና መምህር

እህቴ፣ በመጀመሪያ የአባትዎን ነፍስ ይማር።

ሕልምዎ ለምን እንደበዛ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ይህን እንደ ምልክት ስለሚቆጥረው ይጨነቃል። እ.ኤ.አ. በ1953 ዩጂን አሰሪንስኪና ናታንኤል ክላይትማን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ የተኛ ሰው ዓይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ጊዜ እንዳለ በጥናት አሳዩ። በግልጽ የምናስታውሰው ሕልም አብዛኛው የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ወደ ንጋት በተጠጋ ቁጥርም እየረዘመ ይሄዳል። ሰው የሚያስታውሰው ደግሞ በመካከሉ ወይም ወዲያው እንዳለቀ የነቃበትን ነው። ሐሳብ ያለበት ሰው እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ሌላ ጊዜ ሳያውቀው ያልፍ የነበረውን ሕልም ሁሉ ይዞት ይነቃል። የእርስዎም ሕልም የበዛው፣ ቢያንስ በከፊል፣ ብዙ ጊዜ ስለሚነቁ ይመስለኛል።

አያያዙን በተመለከተ፣ በዚያ እንቅልፍ ጊዜ አንጎል ውስጥ ኖርአድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር በጣም ይቀንሳል፤ ሕልም እንደ ጉም ቶሎ የሚበንበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይገመታል። እንደነቁ አይገላበጡ፤ ዓይንዎን ሳይገልጡ መጨረሻ ያዩትን ምስል ይያዙና ወደ ኋላ ይመለሱ። ስልክ አይንኩ። ከዚያ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይሆን አምስትና ስድስት ቃል ብቻ ይጻፉ፤ ሠዓሊ ስለሆኑ ደግሞ ከቃሉ በፊት መስመሩን በእርሳስ ቢያኖሩት ይሻላል።

ሲጽፉ ግን ሊነበብ በሚችል እጅ ይሁን። ይህን የምለው ስለ ኦቶ ሎዊ ስለማስብ ነው። ይህ ተመራማሪ በኦስትሪያ፣ በግራትስ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ነርቭ ለልብ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው በኬሚካል መሆኑን የሚያሳይ ሙከራ በሕልሙ አየ፤ በሌሊት ተነሥቶ በቁራጭ ወረቀት ጫር ጫር አድርጎ ተመልሶ ተኛ። ጠዋት የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግሥቱ ሌሊት ሕልሙ ሲመለስለት አልጠበቀም፤ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራ ሄዶ በሁለት የእንቁራሪት ልቦች ሞከረው። የአንደኛው ልብ ነርቭ ተነክቶ ምቱ ሲዘገይ፣ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሁለተኛው ሲያዛውረው ያም ዘገየ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ታተመ፤ በ1936ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት። ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ ሕልም ግን ጥቂት ነው።


የቅኔ ቤት ልጅ

እኅታችን፣ ስለ አያያዙ መምህሩ በሚገባ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልጻፍ፤ የኔ ትምህርት እዚያ ላይ የሚጠቅምዎ ይመስለኛልና።

ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማርኩባቸው ዓመታት ከረሃቡና ከውሻው በላይ አንድ ነገር አስተምረውኛል። ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም መቃብር ቤት አጠገብ ብቻውን ይቀመጣል፤ የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። እኔ በጀማሪነቴ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ሳቀርብ፣ መምህሬ ደጋግመው የሚመልሱብኝ በአንድ ምክንያት ነበር፦ ወርቁን አስቀድሜ አስቤ፣ ሰሙን በግድ አለብሰው ነበር። ሰሙ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ስለ በሬ ከተናገርክ በሬው በእውነት ማረስ አለበት፤ በሬው ካላረሰ ወርቁ ሐሰት ይሆናል።

የእርስዎም ሥዕል የሞተው በዚህ ይመስለኛል። ሕልሙ የሰጠዎ ሰሙን ነው፤ የቆመ ታንኳ፣ ውሃ፣ ደረቅ ጋቢ። እርስዎ ግን ወርቁን ቸኩለው «ይህ ሐዘን ነው» ብለው ወሰኑ፤ ከዚያ ሐዘን ይመስል ዘንድ ታንኳውን አሰመጡት፣ ጋቢውን አረጠቡት። በሕልሙ ያልሰመጠውን ለምን አሰመጡት? «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚባለው እኮ ፍቺው የፈቺው ስለሆነ ነው፤ ምስሉ ግን የእርስዎ ነው። እናትዎን አክብረው ይስሟቸው፤ ቡሩሹን ሲያነሡ ግን ፍቺውን ቤት ትተው ይውጡ።

ከእኛው አገር ምሳሌ ብጠቅስ፣ ገድለ ላሊበላ እንደሚተርከው ላሊበላ በወንድሙ ዘመነ መንግሥት ሲሳደድ፣ መርዝ አጠጥተውት ሦስት ቀን እንደ በድን በተኛበት ጊዜ መላእክት ወደ ሰማይ ነጥቀው ከዐለት የሚፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት። ገድሉን ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ይዞት የወረደው ቅርጽና ልክ መሆኑ ነው። ያየው ምን ማለት እንደሆነ ሲመራመር አልተቀመጠም፤ እንዳየው ይሠራ ዘንድ ታዘዘ።


የዓባይ በረሃ ሾፌር

ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ ክር ሁሉም የተስማማበትን ነገር እኔ አልስማማበትም።

የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ተመላልሻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት መንገድ ላይ ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም። ሌሊት ሌሊት ግን እንዳለ ይመጣብኝ ነበር፤ ያው ኩርባ፣ ያው የመኪና መብራት፣ ያው ድምፅ። አንድ ወዳጄ «ጻፈው፣ ይወጣልሃል» አለኝ። ከመተኛቴ በፊት እየተቀመጥኩ ለሦስት ሳምንት ያህል ጻፍኩት። አልወጣልኝም። እንዲያውም በሌሊት ብቻ የነበረው በቀንም መሪ ላይ እያለሁ ይመጣብኝ ጀመር። «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል፤ እኔ ግን ፈርቼ ሳልተኛ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ለሁሉም ሰው «ሕልምህን ወደ ሥራ ለውጠው» ብላችሁ ባትመክሩ ደስ ይለኛል። እኅታችን ያየችው ውብ ሕልም ነው። ሁሉም እንዲያ አያይም።


የሥነ ልቡና መምህር

ወንድሜ፣ ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ፤ ያልከው ትክክል ነው፤ እኔም ቀደም ብዬ ልለየው ይገባኝ ነበር።

ሕልም ነገሮችን ይቀላቅላል፤ ታንኳን ከጋቢ፣ የሞተን ከሕያው ያገናኛል። የደረሰብንን ክፉ ነገር ሳይለውጥ እንዳለ የሚደግም ቅዠት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እንዳለ ደጋግሞ መጻፉም፣ በተለይ ለብቻ ሆኖ ልክ ከመኝታ በፊት ሲሆን፣ አንተ እንዳልከው ሊያባብሰው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ቅዠት የተሞከረና በባለሙያዎች የሚመከር ሌላ መንገድ አለ። ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ቅዠታቸውን እንዲለውጡት አደረጉ። በዚህ መንገድ ቅዠት የሚመላለስበት ሰው በቀን ብርሃን፣ በተረጋጋ ሰዓት ይቀመጣል፤ ቅዠቱን ራሱ በፈለገው መንገድ ይለውጠዋል፤ ከዚያ የድሮውን ትቶ የተለወጠውን ብቻ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል በዓይነ ሕሊናው ይመላለስበታል። የሚጀመረውም ከከባዱ ሳይሆን ከቀለል ካለው ቅዠት ነው። ምን ይለወጥ ብሎ የሚያዝ የለም፤ የግድግዳውን ቀለም ብቻ የሚለውጥ ሰውም አለ።

በቀን መሪ ላይ እያለህ የሚመጣብህ ከሆነ ግን ይህ በመድረክ ምክር የሚያልቅ አይደለምና፣ እባክህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ቅረብ። ያየኸውን ሁሉ መናገር ግዴታ የለብህም፤ «አልተኛም፣ በቀንም ይመጣብኛል» ማለት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።


የዘጌ አስጎብኚ

እኔም እንደ እኅታችን ሥራ የፈታሁ ነኝ፤ ረጅም አልጽፍም። ሾፌሩ ወንድማችን ያነሣው ጉዳይ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ መልስ ያለው ስለመሰለኝ ነው።

በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ጨርቅ የተሣሉትን ለዓመታት ለእንግዳ ሳስረዳ፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ እጠቁም ነበር። ቅዱሳኑና ደጋጎቹ ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ክፉዎቹ ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። እንግዶች ይህን እንደ ምልክት ብቻ ይወስዱታል። እኔ ግን የቀደሙት ሠዓሊዎች የሚያስፈራውን ነገር ሳይደብቁ፣ ሳያሳንሱም፣ ዓይኑ ከተመልካቹ ዓይን እንዳይገጥም አድርገው ያስቀመጡበት ጥበብ ይመስለኛል። ገዳዩም ሰይፉም እዚያው ናቸው፤ ሕፃን ይዞ የገባ ሰው ግን ሳይሸማቀቅ ቆሞ ያያቸዋል። አስፈሪ ሕልም መሣል የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ፊት ለፊት ከመግጠም በፊት በጎን ይሞክረው።


ጡረተኛው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ደስ እያለኝ ተከታተልኩት። በሥራ ዘመኔ ካነበብኳቸው መካከል ሁለት ነገር ልጨምር።

የመጀመሪያው በእኛው ውሃ ላይ ያለ ነው። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ ያየውን በ1790 አሳተመ። መጽሐፉን ካነበቡት መካከል ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ የተባለው እንግሊዛዊ ባለቅኔ ይገኝበታል፤ በሕልም የመጣለት ግጥም ውስጥም አንዲት የሐበሻ ልጃገረድ አውታር መትታ ስትዘምር ይታያል። ገጣሚው ራሱ እንደተረከው፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ በመጻፍ ላይ ሳለ ሰው ለጉዳይ መጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየው፤ ሲመለስ ቀሪው ጠፍቶ ነበር። 54 መስመር ብቻ ቀረ። መምህሩ «ስልክ አይንኩ» ያሉትን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ።

ሁለተኛው ከዚህ ጊዜያችን ጋር ይበልጥ ይሄዳል። ሻርሎት ቤራት የተባለች ጋዜጠኛ፣ ሂትለር ሥልጣን ከያዘበት ከእ.ኤ.አ. 1933 ጀምሮ በበርሊን የምታገኛቸውን ሰዎች፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ጎረቤቷን፣ ወተት አከፋፋዩን ሳይቀር፣ ምን ሕልም እንዳዩ እየጠየቀች መዘገበች። የጻፈችውን በመጻሕፍት ሽፋን ውስጥ ደብቃ፣ በኋላም ወደ ውጭ አገር ወዳሉ ወዳጆቿ ልካ አቆየችው፤ በ1966 አሳተመችው። አንድ ሐኪም ያየውን ልንገራችሁ፤ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ሲያነብ የክፍሉ ግድግዳዎች በድንገት ይጠፋሉ፤ ዞር ሲል በከተማው ያለ ቤት ሁሉ ግድግዳ የለውም። ዘመኑን ከዚህ በተሻለ የገለጸ የጋዜጣ ርእስ አላነበብኩም።

ልጄ፣ 41 ሕልም ጽፈሻል። ጎረቤቶችሽስ ምን ያያሉ? ቡና ላይ ብትጠይቂያቸው ሌላ ሥራ ይወጣዋል ባይ ነኝ።


የሽምብጥ ሠዓሊ

ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብዬ ትናንት ቡና ላይ ጠይቄ ነበር። ከአምስት ሴቶች አራቱ ነገሩኝ። አንዷ ግን ነግራኝ ስታበቃ እጄን ይዛ «ይኸን እንዳትጽፊብኝ» አለችኝ። ሕልሟን ማስታወሻዬ ላይ አላሰፈርኩትም፤ ለመርሳትም እየሞከርኩ ነው። የሰውን ሕልም ለሥራ መውሰድ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር መሆኑን ያኔ ተረዳሁ፤ የቀሩትንም ሦስቱን ተመልሼ ልጠይቃቸው ወስኛለሁ።


የዓባይ በረሃ ሾፌር

መምህር፣ ያሉኝን ሞክሬዋለሁ። ኩርባውን አልነካሁትም። ሰዓቱን ብቻ ለወጥኩና ንጋት አደረግሁት፤ የመኪናውን መብራት አጠፋሁት፤ ከደጀን የሚመጣ የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶ እስኪያልፍ ቆሜ እጠብቃለሁ። በቀን በቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ይህንኑ አስባለሁ። የለወጥኩትን ሕልም ገና አላየሁትም። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት ሌሊት ሳልነቃ አድሬያለሁ። ቀጠሮም ይዣለሁ።


የሽምብጥ ሠዓሊ

ወንድሜ፣ ይህን በማንበቤ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። እኔም ከሦስት ሳምንት በኋላ የደረስኩበትን ልጻፍ።

የቅኔ ቤቱ ወንድማችን «በሕልሙ ያልሰመጠውን ለምን አሰመጡት?» ያለኝ ቃል እንቅልፍ ነሣኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ታንኳ የሣልኩበትን ሸራ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ሲሠራ ግን ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ እርሳሴን ይዤ በሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ የነገደ ወይጦ አባት ዘንድ ሄድኩ፤ ፈቅደውልኝ አጠገባቸው ስሥል ዋልኩ።

የደረቀውን ደንገል በእቅፍ በእቅፍ ይደረድሩና በጉልበታቸው ተጭነው በገመድ ያጠብቁታል፤ በእያንዳንዱ ማሰሪያ ደንገሉ እንደ አዲስ ቆዳ ጫማ ሲጮህ ይሰማል። አንዱን ዘንግ ቆርጠው ሰጡኝ። ዘንጉ እንደማስበው ክብ አልነበረም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ ሲጫኑት የሚመለስ፣ አየር የሞላው። ስንት ዓመት ክብ አድርጌ ስሥለው ኖሬያለሁ።

«አባቴ፣ ውሃ ሲገባበት አይሰምጥም?» አልኳቸው።

«ውሃማ ሁልጊዜ ይገባዋል። የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ነው እንጂ ባዶነቱ አይደለም። ሲጠጣና ሲከብድ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን።» ቀጥለውም ከኋላቸው የነበረውን ጥቅል የደንገል እስር ሳብ አድርገው መካከሉ ላይ አስቀመጡትና «መቀመጫው ይኸ ነው፤ እህልም ልብስም የምንጭነው በዚህ ላይ ነው፤ እንዳይርስ» አሉኝ።

እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። ልጅ ሳለሁ አባቴ በታንኳ አሻግሮኝ ያውቃል፤ ጋቢውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ በዚያ ከፍ ባለው እስር ላይ አስቀምጦ እኔን ከላዩ ያስቀምጠኝ ነበር። እግሬ ውሃ ውስጥ፣ እኔ ግን ደረቅ። ረስቼው ነበር። ሕልሜ ውስጥ ያለው ታንኳ እየሰመጠ አልነበረም፤ ውሃ የገባው ጤነኛ ታንኳ ነበር።

የድሮውን ሸራ ነጭ ቀብቼ እንደገና ጀመርኩ። ሰማዩ የጠዋት ሰማይ ነው፤ ገና ቀለም ያልለየ። ውሃው በታንኳው ውስጥም ከታንኳውም ውጭ በአንድ ልክ ቆሟል። ዘንጎቹን ሁሉ ባለ ሦስት ማዕዘን አድርጌ፣ አንድ በአንድ ሣልኳቸው፤ ስድስት ቀን ወሰደብኝ። ጋቢው ከመቀመጫው ላይ ነው።

ትናንት ማታ መብራት ስለጠፋ ሻማ አብርቼ ስሠራ እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እንደምትፈታው ጠብቄ ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «አባትሽ ጋቢውን እንዲህ አያጥፍም ነበር፤ ጥለቱን ወደ ውስጥ ነበር የሚያደርገው፣ አቧራ እንዳይነካው» አለችኝና፣ የራሷን ጋቢ ከትከሻዋ አውርዳ አልጋው ላይ አጥፋ አሳየችኝ። ጥለቱ ከላይ አይታይም፤ በእጥፉ ጠርዝ ቀጭን ቀይ መስመር ብቻ ይቀራል። ያንን ጥግ ፍቄ ዛሬ እየሣልኩት ነው።